በ35 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጾታን ምስጢር የፈታችው ኔቲ ስቲቨንስ

አንዲት እናት አራተኛ ልጇን ትገላገላለች። ሴት ናት። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስቱም ሴቶች ናቸው። የባል ፊት ይጠቁራል፣ አማት ታኮርፋለች፣ አራስ ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ ቀጣዩን ወንድ ያድርግልሽ እያለ ይመርቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። አንዳንዱ ቤት ከኩርፊያ አልፎ ፍቺ ድረስ ይደርሳል። ጥፋተኛ ተብላ የምትቀርበው ደግሞ ሁሌም እሷው ናት።

የሚገርመው፣ ወንድ ይሁን ሴት የሚለውን ነገር የሚለየው የአባት ዘር እንደሆነ የሚያሳየው ማስረጃ በማይክሮስኮፕ ሥር ከታየ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያየችውም ሴት ናት። የአናጢ ልጅ፣ ለዓመታት በአስተማሪነት የኖረች፣ እኩዮቿ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ደብተር ይዛ አንደኛ ዓመት የገባች ሴት። ስሟ ኔቲ ማሪያ ስቲቨንስ ነው። ዛሬ የእሷን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኔቲ የተወለደችው ሐምሌ 7 ቀን 1861 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ካቨንዲሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጀመረበት ዓመት መሆኑ ነው። እናቷ ገና ሕፃን ሳለች ሞተችባት። አባቷ ኤፍሬም ሌላ ሚስት አግብቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዌስትፎርድ ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። ሰውየው አናጢ ነው። ሀብታም አይባልም፣ ግን እጁ የሚሠራ ሰው ስለነበር ሁለቱን ሴት ልጆቹን፣ ኔቲንና ኤማን፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ማስተማር ቻለ። በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

ኔቲ በ1880 ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች። ከዚያስ? በዚያን ጊዜ የተማረች ሴት የሚጠብቃት ሥራ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከሁሉም የሚቀርባት ማስተማር ነበር። እሷም አስተማሪ ሆነች። ትንሽ ካስተማረች በኋላ ዌስትፊልድ ወደሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባችና የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሳ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። በዚህ ውጤት ሌላ ሰው ቢሆን በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ነበር የሚሄደው። ኔቲ ግን ገንዘብ አልነበራትም። ተመልሳ ወደ ማስተማር ገባች። አስተማረች፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠራች፣ ከደመወዟ ቆጠበች። ከአሥር ዓመት በላይ!

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ስለ ሳይንቲስቶች ሲጻፍ እነዚህ ዓመታት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ነው የሚታለፉት። ግን እስቲ አስቡት። በ20ዎቹ ዕድሜዋ ውስጥ ያለች፣ ከማንም በላይ መማር እንደምትችል የምታውቅ ሴት፣ በየጠዋቱ ተነስታ የሌላ ሰው ልጆችን እያስተማረች ሳንቲም ታጠራቅማለች። 25 ሞላት። 30 ሞላት። ያሰበችውን ለማንም ነግራ ይሁን አይሁን ዘመኗ ጥሎልን ያለፈው ወረቀት ብዙ አይናገርም። በ1896፣ በ35 ዓመቷ፣ ከአገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ ተነስታ ምዕራብ ጫፍ ካሊፎርኒያ ገባች። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ከተከፈተ አምስት ዓመቱ ነበር። ሴቶችንም ይቀበላል።

በስታንፎርድ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በ1899፣ ማስተርሷን በ1900 ያዘች። (በነገራችን ላይ የዩኒቨርሲቲው መሥራች ጄን ስታንፎርድ፣ ራሳቸው ሴት ሆነው፣ የሴት ተማሪዎች ቁጥር ከ500 እንዳይበልጥ የወሰኑት በዚያው በ1899 ነው። ኔቲ ከበሩ የወጣችው በሩ መጥበብ ሲጀምር መሆኑ ነው።) ክረምቱን የዩኒቨርሲቲው የባሕር ምርምር ጣቢያ ወዳለበት ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ እየሄደች ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን ፍጥረታትን ታጠና ነበር። ከማይክሮስኮፕ ጋር የተዋወቀችውና ከዚያ በኋላ ያልተለያየችው እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ለፒኤችዲ ወደ ፔንሲልቫኒያ ሄደች፣ ብሪን ማር ኮሌጅ። ብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን እስከ ፒኤችዲ ድረስ የሚያስተምር የሴቶች ኮሌጅ ማግኘት ብርቅ ነበር። ደግሞ መምህራኑ! የባዮሎጂ ክፍሉን ቀደም ሲል ኤድመንድ ቢቸር ዊልሰን ነበር የሚመራው። እሱ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ቶማስ ሃንት ሞርጋን ተተካ። ሁለቱንም ስሞች ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስባቸዋለን። የኔቲ መምህር የሆነው ሞርጋን ነው። ተማሪዋ 39 ዓመቷ፣ መምህሩ 34።

ኮሌጁ ጉብዝናዋን ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። በ1901 የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሰጥቶ ወደ አውሮፓ ላካት። መጀመሪያ ጣሊያን፣ ኔፕልስ ወዳለው የባሕር እንስሳት ምርምር ጣቢያ፤ ቀጥሎ ጀርመን፣ ቩርትስቡርግ፣ ቴዎዶር ቦቬሪ ላብራቶሪ። ቦቬሪ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ስለ ክሮሞዞም ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ተመልሳ በ1903 ፒኤችዲዋን ጨረሰች። 42 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሩ።

አሁን ሳይንሱ ጋ ደረስን። አትሽሹን፣ ቀለል አድርገን ነው የምንነግራችሁ።

ወንድ ወይ ሴት የሚሆነው በምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቀው ኖሯል። አርስቶትል ከአባትየው ሙቀት ጋር ያያይዘው ነበር። ኔቲ ተማሪ በነበረችበት ጊዜ እንኳን ብዙ ሳይንቲስቶች ምግብና የአየር ሁኔታ ናቸው የሚወስኑት ይሉ ነበር፤ እናት በደንብ ከበላች ሴት፣ ከተራበች ወንድ ትወልዳለች የሚሉ ነበሩ። ልብ በሉ፣ በዚህ ሐሳብ ሁሉም ነገር የሚሆነው እናት ሆድ ውስጥ ነው። ተጠያቂዋም እናት ናት ማለት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ አዲስ ነገር እየመጣ ነበር። የግሪጎር ሜንዴል የአተር ሙከራዎች ለ35 ዓመት ያህል ተረስተው ቆይተው በ1900 እንደገና ተገኙ። ቦቬሪና ዋልተር ሱተን (እሱም ያኔ የድህረ ምረቃ ተማሪ ነበር) የዘር ባሕርይ የሚተላለፈው ሴል ውስጥ ባሉት ክር መሰል ነገሮች፣ በክሮሞዞሞች፣ ሳይሆን አይቀርም ማለት ጀመሩ። ነገር ግን አንድን የሚታይ ባሕርይ ይዞ ይኸው ይሄ ክሮሞዞም ነው ያመጣው ብሎ ጣቱን መቀሰር የቻለ አልነበረም። ክላረንስ ማክላንግ የሚባል አሜሪካዊ የፌንጣ ሴሎች ውስጥ ለብቻው የሚሄድ አንድ ክሮሞዞም አይቶ ከጾታ ጋር ግንኙነት አለው ብሎ ነበር። ግን አቅጣጫውን ገለበጠው፤ ወንድ የሚያደርገው ይሄ ተጨማሪ ክሮሞዞም ነው ብሎ ደመደመ።

ኔቲ ይህንን ጥያቄ ልትይዝ ስትነሳ አሁንም ያው የድሮ ችግር ገጠማት። ብር። ፒኤችዲ አላት፣ ሥራ ግን የላትም። አዲስ ለተቋቋመው ካርኔጊ ተቋም የምርምር ድጋፍ እንዲሰጣት ጻፈች። ሞርጋን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ባለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ካስተማራቸው የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ሁሉ በምርምር ችሎታዋና ራሷን ችላ በመሥራቷ የሚስተካከላት እንደሌለ መሰከረ። ይህችን ደብዳቤም አስታውሱልን። ድጋፉ በ1904 ተፈቀደ።

አሁን ወደ ትሉ እንምጣ። የቆየ ዱቄት ውስጥ ቢጫ ትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ዓይነት ቴኔብሪዮ ሞሊቶር ይባላል፤ ሲያድግ ጥቁር ጥንዚዛ ይሆናል። ኔቲ ከመረጠቻቸው ነፍሳት አንዱ ይሄ ነበር።

ዛሬ በጄኔቲክስ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚሠራ ተማሪ ዲኤንኤ የሚያነብ ማሽንና ኮምፒዩተር አለው። ኔቲ የነበራት ማይክሮስኮፕ፣ ሰም፣ ስለት፣ ቀለምና እርሳስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከነፍሳቱ ውስጥ ዘር የሚያመነጨውን ክፍል ታወጣለች፤ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። ሴሎቹ ባሉበት ሁኔታ ደርቀው እንዲቀሩ ኬሚካል ውስጥ ትነክረዋለች። በቀለጠ ሰም ውስጥ ከታ ታጠነክረዋለች። ከዚያ ሰሙን ከነውስጡ ከፀጉር በቀጠነ ሁኔታ እየሸረፈች መስታወት ላይ ትደረድረዋለች። ቀለም ትቀባዋለች። ክሮሞዞም ቀለም በደንብ ይይዛል፤ ስሙም በግሪክኛ ባለቀለም አካል ማለት ነው። ቀለሙ ከበዛ ሁሉም ጥቁር ይሆናል፣ ካነሰ ምንም አይታይም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሴሉ ልክ እየተከፈለ ባለበት ቅጽበት ላይ ካልተያዘ ክሮሞዞሞቹ አይቆጠሩም። ስለዚህ አንዱን ጥላ ሌላውን፣ እሱን ጥላ ሌላውን። የተገኘውን ደግሞ በእጅ መሳል ነው።

ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የወንዱን ዘር ብቻ ነበር የሚያዩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንቁላል ስብ ስለሚበዛው ለቀለም አይመችም፣ ያስቸግራል። ኔቲ ግን የወንዱንም የሴቷንም ተራ የሰውነት ሴሎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ቆጠረች። ከዚያ እንዲህ የሚል ነገር አገኘች።

ሴቷ ጥንዚዛ 20 ትላልቅ ክሮሞዞሞች አሏት። ወንዱም 20 አለው፣ ግን 19ኙ ትላልቅ ሆነው አንዷ ትንሽዬ ናት። የወንዱን የዘር ሴሎች ስታይ ደግሞ ለሁለት ተከፍለው አገኘቻቸው፤ ግማሾቹ 10 ትላልቅ ይዘዋል፣ ግማሾቹ 9 ትላልቅና ያችን አንድ ትንሽዬ። የእናት እንቁላሎች ሁሉም ያው 10 ትላልቅ ናቸው።

በቃ፣ ሒሳቡን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። 10 ትላልቅ ያለው የአባት ዘር ከእንቁላል ጋር ሲገናኝ 20 ትላልቅ፤ ሴት። ትንሿን የያዘው ሲገናኝ 19 ትላልቅና አንድ ትንሽ፤ ወንድ። እንቁላሉ ምንም የሚለውጠው ነገር የለም። ልዩነቱን ይዞ የሚመጣው የአባት ዘር ነው። የምግብ ጉዳይ አይደለም፣ የሙቀት ጉዳይ አይደለም፣ ጾታው የሚለየው ጽንሱ በተፈጠረባት ቅጽበት ነው።

ይህንን ጽሑፍ ካርኔጊ ተቋም በ1905 አሳተመው። ትልቁ ክሮሞዞም ኋላ ላይ ኤክስ፣ ትንሿ ዋይ ተባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ። ኔቲ ያየችው ጥንዚዛ ነው እንጂ ሰው አይደለም። የሰው ልጅ ክሮሞዞም 46 መሆኑ በትክክል የተቆጠረው በ1956 ነው፤ በሰው ላይ ወንድ የሚያደርገው ዋይ ክሮሞዞም መሆኑ የተረጋገጠው በ1959፣ ዋይ ላይ ያለው ዋናው ጂን የተለየው ደግሞ በ1990 ነው። በዝንብ እንኳን አሠራሩ ከእኛ ይለያል። ግን መንገዱን የከፈተው፣ አንድን የሚታይ ነገር ከአንድ ከሚታይ ክሮሞዞም ጋር ያገናኘው የዚያች የዱቄት ትል ሥዕል ነው።

አሁን ስሞቹን ያዙልን ወዳልናችሁ ሰዎች እንመለስ። ኤድመንድ ዊልሰን በዚያው በ1905፣ በሌሎች ነፍሳት ላይ ሠርቶ ተመሳሳይ ነገር አሳተመ። ሁለቱም ለየብቻ ደረሱበት ነው የሚባለው። ለእውነት ለመናገር ዊልሰን ሰው አልካደም፤ የኔቲን ግኝት በጽሑፉ ግርጌ ጠቅሶታል። ልዩነቱ ምን ነበር? ዊልሰን የውጭ ሁኔታም ሚና ሊኖረው ይችላል እያለ ለተወሰነ ጊዜ ሲያመነታ ኔቲ ግን በክሮሞዞሙ ላይ ጠንከር ብላ ቆመች። ነገር ግን ዊልሰን በዓለም የታወቀ የኮሎምቢያ ፕሮፌሰር ነው፣ የሚያነበው ብዙ ነው። እሷ የአንድ ሴቶች ኮሌጅ ረዳት ተመራማሪ ናት። ስለዚህ ግኝቱ በመማሪያ መጻሕፍት ለብዙ ጊዜ በእሱ ስም ሲጠራ ኖረ።

ሞርጋንስ? ሞርጋን ጭራሽ አላመነም። ክሮሞዞም ጾታን ይወስናል የሚለውን ነገር ከኔቲ ጽሑፍ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ሲጠራጠር ቆየ። በ1910 ላብራቶሪው ውስጥ አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ የፍራፍሬ ዝንብ እስኪያገኝና ዘሩን ሲከታተል ነገሩ ከኤክስ ክሮሞዞም ጋር መያያዙን በራሱ ዓይን እስኪያይ ድረስ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልቀደመውም፤ ክሮሞዞም በዘር ውርስ ላይ ስላለው ሚና በ1933 የኖቤል ሽልማት ወሰደ።

እሷ በበኩሏ መቁጠሯን ቀጠለች። አንድ ነፍሳት አይቶ መደምደም አይበቃም ብላ ወደ 50 የሚጠጉ የጥንዚዛ ዝርያዎችንና ዘጠኝ የዝንብ ዝርያዎችን መረመረች። ክሽክሽ ላይም ሠርታ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የኤለን ሪቻርድስ ሽልማት፣ 1000 ዶላር፣ በ1905 አግኝታለች። በ1908 ወደ ቦቬሪ ላብራቶሪ እንደገና ሄደች። ያኔም ተማሪ እንጂ ባለ ግኝት አትመስልም፤ ቁጭ ብላ መስታወቷን ነው የምታየው። በአሥር ዓመት ትንሽ በሚያልፍ ጊዜ ውስጥ ወደ 40 የሚደርሱ ጽሑፎች አሳተመች። ዛሬ ያለ ተመራማሪ እንኳን በዚህ ፍጥነት ቢሄድ ጎበዝ ይባላል፤ እሷ ግን እያንዳንዷን ቁራጭ በእጇ ነው የቆረጠችው።

ፕሮፌሰርነት አልሰጧትም። ብሪን ማር በመጨረሻ ለእሷ ብሎ የምርምር ፕሮፌሰርነት ቦታ ፈቀደ። ሙሉ ጊዜዋን ለምርምር፣ ማስተማር የለ፣ ድጋፍ መለመን የለ። ከሃያ ዓመት በላይ የጠበቀችው ነገር ነበር። ግን የጡት ካንሰር ቀደማት። ግንቦት 4 ቀን 1912 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አረፈች። 50 ዓመቷ ነበር። ወደ ቦታው አልገባችበትም።

የሞቷን ዜና ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የጻፈው ሞርጋን ነው። ትጋቷን፣ ትዕግሥቷን፣ ጥንቃቄዋንና የዓይኗን ጥራት አመሰገነ። ስለ ጾታ ግኝቱ ሲመጣ ግን ድርሻ ነበራት በሚል ነው ያለፈው። ያ ከተማሪዎቼ ሁሉ የሚስተካከላት የለም ብሎ የመሰከረላት ሰው! ክፋት ነው ማለት ይከብደናል፤ ሰውየው አግዟታል፣ ደብዳቤ ጽፎላታል፣ አስተምሯታል። ግን ተማሪን ጎበዝ ነሽ ብሎ ማመስገንና ቀድመሽኛል ብሎ ማመን አንድ አይደሉም። የዛሬ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ይሄንን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስሟ ቀስ በቀስ ነው የተመለሰው። በ1994 በአሜሪካ ብሔራዊ የሴቶች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባች። በ2016 ልደቷን ጉግል በመነሻ ገጹ ላይ አከበረው፤ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ያን ቀን ስልካችሁ ላይ ማይክሮስኮፕ የምታይ ሴት ሥዕል አይታችሁ አልፋችሁ ይሆናል። የአራቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት የጨረሰችበት የዌስትፊልድ ማሠልጠኛ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የሳይንስ ሕንፃው በእሷ ስም ነው የሚጠራው።

መቃብሯ ዌስትፎርድ ነው፣ ከአናጢው አባቷና ከእህቷ ከኤማ አጠገብ። ማይክሮስኮፗ ብሪን ማር ተቀምጧል።